ድመቱን ከመጣል ሳህኑን መከፋፈል



እንደሚታወቀው ሀይሌ ጋርመንት በሚገኘው የጋራ ግቢያችን አምስት ድመቶች አሉ። ከነዚህ ውስጥ ዳለቻው የሌሎቹን ድርሻ ጭምር እየበላ ከመጠን በላይ ወፍሯል። ሁለቱ ነጫጮች ደግሞ አጥንታቸው ወጥቷል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ አባላት «ይሄ ሆዳም በማዳበሪያ ተከቶ ራቅ ያለ ቦታ ይጣል» የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ጉዳዩ ለስብሰባ ከመቅረቡ በፊት እኛም በበኩላችን የምንለው አለን።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እየተባለ ይተረታል። ተረቱ ለሰው የተተረተ ነው፤ በዳለቻው ላይ ግን አይሠራም። ድመት በተፈጥሮው ቀንም ሌሊትም እያደነ ትንሽ ትንሽ የሚበላ እንስሳ ነው። በቀን ስምንት ወይም አሥር አይጥ የሚያህል ምግብ ይበቃዋል። ታዲያ ዳለቻው ይህን አመል ከየት አመጣው?

መልሱ ያለው ቧንቧው አጠገብ ከተቀመጠው ሳህን ላይ ነው። አንዱ ቤት ጠዋት ፍርፋሪ ይደፋል፤ ሌላው ከምሳ የተረፈውን ይጨምራል፤ ማታ ደግሞ ከሥጋ ቤት የመጣ ሳንባ ይመጣል። አንዱ ሌላው መስጠቱን አያውቅም። አምስቱም ባንድ ሳህን ላይ ስለሚሻሙ ጉልበት ያለው ሳያላምጥ ይውጣል፤ ደካማው ቆሞ ያያል። ሁዳዴ ሲገባ ለ55 ቀን ከብዙው ቤት ሥጋ ይጠፋል፤ ፋሲካ ሲሆን ደግሞ ባንድ ቀን ይጎርፋል። እንዲህ የለመደ እንስሳ ያገኘውን ሁሉ ቢያግበሰብስ ምን ይደንቃል?

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የግቢው ትራፊም እንደዚሁ ነው፤ ለአንዱ ሸክም፣ ለአምስቱ ግን ደህና ቀለብ ይሆናል።

ዳለቻው ቢጣል ሳህኑ እዚያው ስለሚቀር ከቀሩት ውስጥ ጉልበተኛው ቦታውን ይይዛል። ከዚያስ? እሱም ይጣል ልንል ነው? ድመቶቹ ካለቁ ደግሞ የጤፍ ጆንያችንን የሚጠብቅልን የለም። የአይጥ መርዝ እንጠቀም እንዳይባል፣ ግቢው ሕፃናት የሚጫወቱበት ነው።

«እንግዲያው ዘግተን እናስርበው» የሚሉም አሉ። ይህም ትክክል አይደለም። የወፈረ ድመት ሁለት ሦስት ቀን ጨርሶ ሳይበላ ከቆየ ስቡ ወደ ጉበቱ ሄዶ ለሞት ሊያበቃው ይችላል። ቀስ ተብሎ ነው መቀነስ ያለበት። ያደገ የሰፈር ድመት ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል፤ ዳለቻው ተመዝኖ 7 ኪሎ ሆኗል። በወር 300 ግራም ያህል ቢቀንስ በግማሽ ዓመት ውስጥ ደህና ይሆናል። አመዛዘኑም አያስቸግርም። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ ድመቱን አቅፎ መመዘን፣ ከዚያ ብቻን ተመዝኖ ልዩነቱን ማየት ነው።

በመሆኑም የሚከተለው እንዲደረግ ሐሳብ እናቀርባለን፦

1ኛ. ትራፊ በየሰዓቱ መድፋት ይቅር። እያንዳንዱ ቤት ያለውን ለሳምንቱ ተረኛ ይስጥ፤ ተረኛውም ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ያብላ።

2ኛ. ሳህኑ አምስት ይሁን፤ አንዱ ከሌላው ይራቅ። የከሱት ድመቶች ምግብ ከአጥሩ ግንብ ላይ ይቀመጥ። ዳለቻው በክብደቱ የተነሳ እዚያ አይዘልም። ይህ ካልተመቸ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ቀጫጮቹ ይገባሉ፣ እሱ ውጭ ይቀራል። ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈው ይነሳ።

3ኛ. እንጀራ ብቻውን ድመት አያኖርም፤ ሥጋ የግድ ያስፈልገዋል። በጾም ወቅት የማይጾሙ ቤቶች ቢተባበሩ፣ ካልሆነም ጥቂት ሳንባ በመዋጮ ተገዝቶ ቢቀቀል ይበቃል።

4ኛ. ወጥ አይሰጥ። ሽንኩርት ጥሬም ሆነ የበሰለ የድመትን ደም ይጎዳል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ወተት ያደጉትን ብዙዎቹን ስለሚያስቀምጣቸው ንጹሕ ውሃ ይቅረብላቸው።

5ኛ. ከነጫጮቹ አንዱ ድርሻውን እየበላ ከስቶ ከቀጠለ የሆድ ትል ወይም ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላልና ለእንስሳት ሐኪም ይታይ።

አንዳንዶቻችን «ሰው ችግር ላይ እያለ ስለ ድመት ይጻፋል እንዴ?» እንደምንል እናውቃለን። ነገር ግን እዚህ ግቢ ውስጥ ብዙ የምንጋራው አለ፤ ውሃውም፣ ደረጃውም፣ የቆሻሻ ማስቀመጫውም የጋራ ነው። አምስት ሳህን በተራ ማስተዳደር ካቃተን ትልቁን ነገር እንዴት እናደርገዋለን? ጉልበተኛው የሁሉን ሲበላ መፍትሔው ጉልበተኛውን አውጥቶ መወርወር ብቻ አይደለም፤ አከፋፈሉንም ማየት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ማንም አባል ድመቱን በግሉ ወስዶ እንዳይጥል እያሳሰብን፣ የተራ መዝገቡ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስለተዘጋጀ እስከ እሑድ ድረስ ቀርባችሁ እንድትመዘገቡ በአክብሮት እንጠይቃለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ