ያለ ድግስ የተጠራ ጅጌ

ክረምቱ አልፎ ምድር አበባዋን በለበሰችበት፥ አባይም ከሙላቱ ጎድሎ ወደ ጥልቅ ገደሉ በተመለሰበት በዚህ በመጸው ወራት፥ ስለ ጅጌና ስለ ወንፈል ጥቂት ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ነገሩ የገበሬ ነገር ነውና የከተማው ቤተ ሰብ «እኛን ምን አገባን» ይል ይሆናል። ነገር ግን በማዕዱ ላይ የሚቀርበው እንጀራ በማን እጅ አልፎ እንደ መጣ ለልጆቹ ሊያስረዳ የሚወድ አባት ቢኖር፥ ታሪኩ ሳይጠቅመው አይቀርም።

መካነ ሰላም ከደሴ ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በወሎው ቦረና ደጋ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። (ቦረና ሲባል አሳቡ ወደ ደቡብ ድንበር የሚሄድበት ሰው ብዙ ነው፤ ይህን ስሕተት ሳላርም ያለፍሁበት ዓመት ትዝ አይለኝም።) አገሩን በምዕራብ በኩል አባይ ከጎጃም ይለየዋል፤ በሰሜን ሳይንትን ከጎንደር ምድር የሚለየው በሽሎ ነው። ከደጋው አፋፍ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ዐይነት አዝመራ ያያል፤ ከላይ ገብስና ባቄላ፥ ከመካከል ስንዴና ጤፍ፥ ከታች በቆላው ማሽላ። የሚደርሱበትም ጊዜ እንደ ከፍታው ይለያያል፤ ስለዚህ የአንዱ እጅ ሥራ በፈታ ጊዜ የሌላው አዝመራ ይደርሳል። መረዳዳትን ለዚህ ሕዝብ ያስተማረው አንዱ መምህር ይኸው የመሬቱ አቀማመጥ ይመስለኛል።

የመጸው ሥራ የሚጀምረው ግን በማጭድ አይደለም። በመስከረም 21 ቀን በዓል ለማክበር ወደ ግሸን ማርያም በእግሩ የሚጓዝ ምእመን በየመንደሩ ሲያልፍ፥ በመንገድ ዳር ያለ ቤት ሁሉ ውሃና ቆሎ ይዞ ይወጣል። መስቀልም በዚያው ወር ይከበራል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ ደግሞ ወርኀ ጽጌ ነው፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በባዕድ አገር መሰደዷ የሚታሰብበት፥ በየእሑዱ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ የሚቆምበት ዘመን። ጾሙ የፈቃድ ጾም ነው፤ የሚጾም ይጾማል፥ የማይጾመውን የሚወቅስ የለም። በእነዚሁ ሳምንታት ክረምት የሸረሸረው የቤተ ክርስቲያን መንገድ ይጠገናል፥ ጎርፍ የወሰደው የወንዝ መሻገሪያ ድንጋይ ይደረደራል። ይህን የሚያዝዘው ቅሬው ነው። ቅሬ በሸዋ እድር የሚባለው ማኅበር ነው፤ በእኛ አገር ግን ሥራው ሬሳ በማንሣት ብቻ አያበቃም።

አሁን ወደ ጅጌው ልመለስ። ወንፈል ማለት ተራ በተራ የሚከፈል የጉልበት ብድር ነው፤ ዛሬ እኔ ላንተ፥ ነገ አንተ ለእኔ። ጅጌ ወይም ደቦ ግን ከዚህ ይለያል። ባለ አዝመራው ብዙ ሰው ይጠራል፤ ለተጠራው ሰው የሚበላና የሚጠጣ ያሰናዳል፤ ሰውም በዘፈንና በቀረርቶ ሲያጭድ ውሎ ማታ ጠግቦ ይገባል። ያማረ ልማድ ነው። ወንዶቹ የሚዋሉት አንድ ቀን ቢሆንም የቤቲቱ እመቤት አስቀድማ ብቅል አብቅላ፥ ጌሾ ወቅጣ፥ እንጨት ለቅማ፥ ውሃ ቀድታ፥ እንጀራ ጋግራ ከሳምንት የበለጠ ትደክማለች። የደቦ ምስጋና ሲነገር የእርስዋ ስም የሚነሣው በመጨረሻ ነው፤ ይህም ደግ አይደለም።

ስለዚህ ልማድ የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ ያመሰግኑታል። እኔም አመሰግነዋለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር እንዳልሰውር ኅሊናዬ ይከለክለኛል። ጅጌ ሊጠራ የሚችል ጎተራው ያልነጠፈ ሰው ነው። ብቅል የሚሆን እህል የሌለው፥ ዱቄቱን ለልጆቹ የሚቈጥብ ሰው፥ ሠላሳ አጫጅ ጠርቶ ምን ያቀርባል? ስለዚህ ብዙ እህል ላለው ብዙ እጅ ይሰበሰባል፤ ባልዋ የሞተባት፥ ልጆችዋ ያልደረሱላት ሴት ግን አዝመራዋ በቆመበት ይረግፋል። ወንፈልም ቢሆን ብድር ነውና የሚመልስ ጉልበት ለሌለው ቤት በሩ ዝግ ነው። ቦዔዝ ሩትን በእርሻው እንድትቃርም በፈቀደ ጊዜ ያደረገው መልካም ነበር፤ ቃርሚያም በሕገ ኦሪት ለድኻና ለመጻተኛ የተተወ ድርሻ ነው። ነገር ግን የራስዋ እርሻ ላላት ሴት የሚያስፈልጋት የሌላውን ቃርሚያ መልቀም አይደለም፤ የራስዋን የሚያጭድላት እጅ ነው።

ይህን በዐይኔ ያየሁት በኅዳር 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የሕንድ ውቅያኖስ ውሃ በአፍሪካ ጠረፍ በኩል ከልማዱ ይልቅ ሞቆ ስለ ነበር፥ ዝናሙ በጊዜው አላቋረጠም፤ በአገራችን በብዙ ስፍራ ገበሬው አዝመራውን ፈጥኖ እንዲሰበስብ ጥሪ ይደረግ ነበር። ጤፍ ደግሞ ከደረሰ በኋላ ዝናም ሲመታው ይተኛል፤ ታጭዶ ሳይደርቅ ቢከመር ይሻግታል፤ ሳይታጨድ ቢቈይ ይረግፋል። ከእኛ መንደር በታች ወደ ወንዙ በሚያወርደው ተዳፋት ላይ የአንዲት ባልቴት የጤፍ ማሳ ነበረ። የጎረቤቶቻቸው ማሳ አንድ በአንድ ሲታጨድ የእርሳቸው ብቻ ቆሞ ቀረ። ሰው ጨካኝ ሆኖ አልነበረም፤ ሁሉም ከደመናው ጋር ይሽቀዳደም ነበርና ለራሱም አልበቃው።

እሑድ ኅዳር 14 ቀን ከቅዳሴ በኋላ አንድ ካህን በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመው ተናገሩ። ማክሰኞ ኪዳነ ምሕረት ናት፤ በዚያ ቀን ከእናንተ ማንም በራሱ እርሻ አይውልም፤ ስለዚህ እጃችሁ ባዶ የሚሆንበት ቀን እርሱ ብቻ ነው፤ ማጭዳችሁንና ስንቃችሁን ይዛችሁ ወደ እኒህ ሴት ማሳ ውረዱ አሉ። ለራሱ የሚያጭድ እንደ ሆነ ግን በዓል እንደ ሻረ ይቈጠራል ብለው አስጠነቀቁ።

ማጕረምረም ተነሣ። አንድ ሽማግሌ፥ «አባ፥ ዛሬ ለድኻ ብለን የከፈትነውን በር ነገ ባለጠጋው ይገባበታል። ለቅዱስ ሚካኤል ዕለት ጅጌ ጠርቶ ‹ችግረኛ ነኝ› ቢል ማን ይመልሰዋል?» አሉ። ይህ ቃል ቀላል አይደለም፤ ዛሬም ሳስበው ከባድ ሆኖ አገኘዋለሁ። ካህኑ ጌታ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 12 በሰንበት ጉድጓድ ስለ ወደቀው በግ የተናገረውን አስታውሰው፥ «በጉ የማን እንደ ሆነ ቅሬው ይመርምር፤ የባለጠጋው በግ ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ ያን ጊዜ እንነጋገራለን» ብለው መለሱ። ሰው ሳቀና ተበተነ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፤ ማክሰኞም አልመጡም። በዚህ አልፈርድባቸውም።

ማክሰኞ የጧቱ ፈረቃ ማስተማር ነበረብኝ። ስም ስጠራ ከሰባተኛ ክፍል ዐምስት ልጆች አልተገኙም፤ ቀሪ ብዬ መዘገብሁ። በስድስት ሰዓት ትምህርት ቤቱን ለቅቄ ወደ ተዳፋቱ ብወርድ ዐምስቱም ነዶ ሲሸከሙ አገኘኋቸው። እኔን ባዩ ጊዜ የደነገጡት ድንጋጤ ሊረሳኝ አይችልም። እነሆ በአንድ እግሬ በቤተ ክርስቲያን፥ በአንድ እግሬ በትምህርት ቤት የቆምሁ ሰው ነኝና ምን ልበላቸው? በኅዳር ወር ልጆችን ከክፍል የሚያስቀረው አጨዳና ጥበቃ ምን ያህል ልጅ ወደ ኋላ እንዳስቀረ አውቃለሁ፤ «ለበጎ ሥራ ነው» የሚባለው ቃልም ለብዙ ወላጅ ምክንያት ሆኗል። ስለዚህ መዝገቡን አላረምሁትም፤ ቀሪ የነበረ ቀሪ ነው። ነገር ግን ያመለጣቸውን ትምህርት በቅዳሜው አስተማርኋቸው። ሌላ የተሻለ መፍትሔ ያለው መምህር ቢኖር ለዚህ ዓምድ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ክርስቲያኑ ኪዳን አድርሶ ወደ ማሳው ሲደርስ ከማሳው ሲሶው ታጭዶ ቈይቶታል። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሙስሊም ጎረቤቶች ወሬውን ሰምተው ኖሮ ጎሕ ሲቀድ ወርደው ጀምረውት ነበር። በወሎ እንዲህ ያለው ነገር እንግዳ አይደለም፤ በአንዱ በዓል የሌላውን ከብት መጠበቅ፥ አዝመራ መሰብሰብ፥ መቃብር መቈፈር የኖረ ነው። ጾመ ነቢያት በዋዜማው ገብቶ ስለ ነበር ሥጋ የሚጠይቅ አልነበረም፤ በወሎ ሁለቱን ወገን በማዕድ የሚለያቸው ዕርዱ ብቻ ነውና በዚያ ቀን የሚለይ ነገር ጠፋ። ሁሉም ከየቤቱ ያመጣውን ዳቦና ቆሎ በአንድ ሰሌን ላይ አፈሰሰ፤ ጠላ ለለመደው ጠላ፥ ለማይጠጣው ቀሪቦ ቀረበ። ካህናቱ ቀድሰው እስኪመለሱ፥ ጿሚውም እስኪፈታ ድረስ ሙስሊሞቹ እንጀራ አልቈረሱም። ከእነርሱ አንዱ፥ «ግድ የለም፥ በረመዳን ትመልሱልናላችሁ» ብሎ አሳቀን።

ባልቴቲቱ ግን አልሳቁም። ቡና አፍልተው ወደ ጥላው መጡና አጠገቤ ቆመው አለቀሱ። ደስ ያላቸው መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም።

«የኔታ፥ ያለ ድግስ የመጣ ጅጌ የልቅሶ ቤት ይመስላል። ሰው ሁሉ ስንቁን ይዞ የሚመጣው ለለቀስተኛ ነው» አሉኝ።

ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ከነዶው ላይ ቀና ብለው፥ «አብሽሪ እቴ፤ ባልሽ በነበረ ጊዜ የኔን ማሽላ ሲጠብቅ ማማ ላይ ሌሊቱን ያደረ ሰው ነው። እኛ ዕዳ ልንከፍል መጣን እንጂ ምጽዋት ልንሰጥ አልመጣንም» አሉ። እርሳቸውም እንባቸውን ጠርገው ቡናውን ቀዱ። እኔ በዚያ ቀን የተማርሁት፥ በጎ ፈቃድ የሚሰጠውን ሰው ብቻ ሳይሆን የሚቀበለውንም ክብር መጠበቅ እንዳለበት ነው። ስልካቸውን አንሥተው ፎቶግራፍ ብቻ አንሥተው የተመለሱ ሁለት ጎበዛዝት ነበሩ፤ ይህን ትምህርት የሚሻ ቢኖር እነርሱ ነበሩ።

ማሳው በዐሥር ሰዓት አለቀ፤ ነዶው ተከመረ፥ ክምሩም ተከደነ። ዝናሙ በማግስቱ ሌሊት መጣ። የረገፈው ረግፎ ነበርና ምርቱ ካሰቡት አነሰ፤ ነገር ግን ለዘርና ለዓመት ቀለብ የሚሆን ነገር ተገኘ። ውቂያው ሲደርስ ግን ሌላ ታሪክ ሆነ። በሬ የሚያመጣ ታጣ፤ በአጨዳው ቀን ከመጣው ሕዝብ በአውድማው ላይ የተገኙት ስድስት ብቻ ነበሩ፤ ሥራውም ሦስት ቀን ፈጀ። ሰው ለአንድ ቀን ደግነት ፈጣን ነው፤ ለሦስተኛው ቀን ግን ያንከላውሳል።

ከዚያ በኋላ ቅሬው ሥርዐት አወጣ፤ በጥቅምት መጀመሪያ ሁሉም ተሰብስቦ ጅጌ ሊጠሩ የማይችሉትን ቤቶች ይቈጥራል፤ ለእያንዳንዱም ማሳ ከአጨዳ እስከ ውቂያ ድረስ የሚውል ሰውና በሬ አስቀድሞ ይመድባል። ይህን ሐሳብ ለሌሎች አጥቢያዎችና ለከተማ እድሮችም አሳስባለሁ። በከተማ ያለው ቤተ ሰብ ማሳ ባይኖረውም አልጋ የያዘ ጎረቤት፥ ውሃ የሚቀዳላት ያጣች አሮጊት አይጠፋውም። ሲታቀድም የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ሳይሆን ሦስተኛውን ቀን መመደብ ይገባል፤ ልጆችም ከትምህርት ሰዓት ውጭ እንዲመደቡ አደራ እላለሁ።

ያ የ2012 ዝናም ሌላም መዘዝ ነበረው። እርጥበቱ በምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ እንዲራባ አደረገ፤ በ2013 ዓ.ም. መጸው መንጋው በምሥራቁ የወሎ ቆላ ላይ ወርዶ ብዙ ማሳ አጠፋ። በዚያ ጊዜ ከየከተማው የመንግሥት ሠራተኛውና ተማሪው ወጥቶ ከአንበጣው በፊት ማሽላውን ለመሰብሰብ ከገበሬው ጋር ዋለ። አባቶቻቸው በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ረኃብ የነገሯቸው የወሎ ልጆች፥ አንድ ማሳ ማጣት ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያስረዳቸው አልፈለጉም።

በዚያው በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ቅሬው ተሰብስቦ ስም ሲመዘግብ ጸሓፊው እኔ ነበርሁ። የአንድ ዐይነ ስውር አባወራ ማሳ በተጠራ ጊዜ እኒያ ባልቴት ከሴቶቹ መካከል ብድግ አሉ። ታላቁ ልጃቸው በዚያ ክረምት ማጭድ ለመያዝ ደርሶ ነበር።

«የኔታ፥ ከእኔ ቤት አንድ ማጭድ ይጻፍልኝ፤ ለውቂያውም ጭምር» አሉ።

ጻፍሁላቸው።