«ጌት»ን ለሚሸሹት ወዳጄ

ውድ አንባቢዬ፣

የዛሬው ደብዳቤዬ ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ግሥ ነው። «ጌት» ትባላለች፤ በባለቤቶቿ አጻጻፍ ሦስት ፊደል ብቻ ናት። ገና ስሟን ስጠራ ፈገግ ብለው «ይቺንማ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ‹አገኘ› ማለት ናት» እንደሚሉኝ አልጠፋኝም። ልክ ነዎት፣ አልከራከርዎትም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ይህን ያህል ዘመን ከተዋወቃችሁ፣ እንግሊዝኛ ሲናገሩ ስንት ጊዜ ከአፍዎ ትወጣለች? ደብዳቤ ሲደርስዎት «ሪሲቭ»፣ ነገር ሲገባዎት «አንደርስታንድ»፣ ቤት ሲደርሱ «አራይቭ»፣ ሲመሽ «ቢካም ዳርክ» ይላሉ። ማንም አያርምዎትም፤ ስህተት የለበትማ። ነገር ግን ለንደን አውቶቡስ ውስጥ ወይም ዋሽንግተን የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ጆሮ ጣል ቢያደርጉ፣ እርስዎ አራት ቃላት ባሰለፉበት ቦታ ሁሉ አንዷን «ጌት» ይሰማሉ።

«ታዲያ ትርጉሞቿን ዘርዝርልኝና ልሸምድዳቸዋ!» አይሆንም፤ ይህን ልመናዎን አልቀበልም። ሳሙኤል ጆንሰን ዝነኛውን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱን እ.ኤ.አ. በ1755 ለንደን ላይ ሲያሳትም፣ በመግቢያው የአንዳንድ ግሦችን ስም ጠርቶ እነዚህን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ ማስቀመጥ አዳጋች እንደሆነ፣ ሰው በተናገራቸው ቁጥር ዝምድናቸውን እንደሚለዋውጡ አስታውቋል። «ጌት» ከተጠሩት አንዷ ነበረች። ከእሱ በኋላ የመጣውን ትልቁን የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ያዩ እንደሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 እትሙ «ሴት» የምትባለው ግሥ ከ430 በላይ ፍቺ ይዛ አንደኛ ነበረች። ቆየት ብሎ አዘጋጁ ፒተር ጊሊቨር «ራን» የምትለዋን፣ ያቺን ‹ሮጠ› ብለን የተማርናትን፣ ይዞ ተቀመጠና ከዘጠኝ ወር ሥራ በኋላ 645 ፍቺ ቆጥሮ ተነሣ። ዕድሜውን በዚህ ላይ ያሳለፈ ባለሙያ ለአንድ ቃል ዘጠኝ ወር ከፈጀ፣ እርስዎ ዝርዝር በመሸምደድ የትም አይደርሱም። እንዲህ ያለ ግሥ የሚታወቀው አብሮት ከሚቆመው ቃል ጋር ነው።

«ምን ዓይነት ቋንቋ ቢሆን ነው በአንድ ቃል ላይ ይህን ሁሉ የሚጭነው?» ብለው ሊያሙ እንደሆነ ገመትኩ። ቀስ ይበሉ፣ የራሳችንን ቤት እንይ። ፀሐይ ወጣች፤ ሕፃኑ ጥርስ ወጣለት፤ ዕጣ ወጣልኝ፤ ለልጁ ስም ወጣለት፤ እድፉ አልወጣም፤ ከሥራ ስንት ሰዓት ትወጣለህ? አዋጅ ወጣ፤ ገንዘብ ከባንክ ወጣ፤ ሐዘኑ አልወጣልኝም። እነዚህን ሁሉ ሲናገሩ አንድም ቀን «ወጣ» ከበደኝ ብለው አያውቁም። ማንም ፍቺዎቹን ዘርዝሮ አላስተማረዎትም። ከፀሐይ፣ ከጥርስ፣ ከዕጣ ጋር ተሰልፎ ሲመጣ ሰሙት፣ በዚያው ቀረልዎት። ስለዚህ ችሎታው አለዎት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። እስኪ በየቀኑ ከአፍዎ የሚወጡትን እነዚህን ቃላት ልብ ብለው ያድምጡ፦ ገባኝ፣ ደረሰኝ፣ ራበኝ፣ ደከመኝ፣ በረደኝ፣ ጉንፋን ያዘኝ። በአንዳቸውም ሠሪው እኔ አይደለሁም። የሚገባው ነገሩ ነው፤ የሚደርሰው ደብዳቤው ነው፤ የሚይዘው ጉንፋኑ ነው። እኔ ከቃሉ ጫፍ ላይ «ኝ» ሆኜ የመጣውን እቀበላለሁ። እንግሊዝኛ ግን ያንን ሰው ከጫፍ አንሥቶ ከፊት ያስቀምጠዋል፤ «አይ» ብሎ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ያደርገዋል። ባለቤት ከሆነ ዘንድ ግሥ ያስፈልገዋል። ምንም ሳይሠራ ነገር መጣልኝ ወይም መጣብኝ ለሚል ባለቤት የምትስማማዋ ግሥ «ጌት» ናት። «አይ ጎት ዘ ሌተር» ደብዳቤው ደረሰኝ፤ «አይ ጎት ኤ ኮልድ» ጉንፋን ያዘኝ፤ «ጎት ኢት» ገባኝ፤ «አይ ጌት ታየርድ» ይደክመኛል። እንግዲህ እኔ እንደሚመስለኝ «ጌት» ለእኛ የራቀችው ፍቺዋ ስለበዛ አይደለም። የእኛ ቋንቋ ሰውን ከኋላ በሚያስቀምጥበት ቦታ እሷ ከፊት ስለምታቆመው፣ «ኝ»ን ስንተረጉም ስለማንፈልጋት ነው።

«እንዴ! በ‹ኝ› ያለቀውን ሁሉ በ‹ጌት› ልለውጠው ነው?» የለም፣ የለም። «ናፈቀኝ» የራሱ ግሥ አለው፣ «ታየኝ»ም እንዲሁ። ደግሞ «ጌት» መሻገርን ትወዳለች፤ ካለመሆን ወደ መሆን፣ ካለመያዝ ወደ መያዝ ሲኬድ ነው የምትገኘው። ይህንንም በአማርኛ ጆሮዎ ይለዩታል። «ርቦኛል» ካሉ ነገሩ አልቋል፤ «አይም ሀንግሪ» ይበቃል። «እየራበኝ ነው» ካሉ ግን ገና በመንገድ ላይ ነዎት፤ «አይም ጌቲንግ ሀንግሪ» ነው። እየመሸ ነው፣ እየቀዘቀዘ ነው፣ ልጁ እያደገ ነው፣ ኑሮ እየተወደደ ነው። «እየ»ን በሰሙበት ሁሉ «ጌቲንግ»ን ይፈትሹ። በብዙ ቦታ በሩ ይከፈትልዎታል።

ትንሽ ቃል ናት ብለው እንዳይንቋት፣ የዘር ሐረጓን ልንገርዎትና ይፍረዱ። ከ9ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በእንግሊዝ ሰሜንና ምሥራቅ የሰፈሩት የስካንዲኔቪያ ሰዎች «ጌታ» የሚል ግሥ ነበራቸው (ከእኛ ጌታ ጋር ዝምድና የለውም፣ የድምፅ ግጥምጥሞሽ ነው)። የዛሬዋ «ጌት» ከእነሱ ናት። እንግሊዞቹ ከዚያ በፊት የነበራቸው ዘመዷ ብቻዋን አትቆምም ነበር፤ እንደ «ፎርጌት» ባሉ ቃላት ውስጥ ተጣብቃ ነበር የምትኖረው። የጥንት ሥሯ መያዝ፣ መጨበጥ ማለት ነው። «ፎርጌት»፣ ማለትም ረሳ፣ የያዙትን መልቀቅ ነው። ከዚያው ሥር በላቲን በኩል ዞሮ የመጣው ደግሞ እርስዎ የሚያከብሩት «ኮምፕሪሄንድ» ነው። ያ ረጅሙና ይቺ ትንሿ የአንድ አያት ልጆች ናቸው። እኛም «ፍሬ ነገሩን ጨበጥኩ»፣ «ትምህርቱን ያዝኩት» እንል የለ?

ወደ ዕለት ኑሮ እንመለስ። ፀጉር ቤት ሄደው ተመለሱ እንበል። በአማርኛ «ፀጉሬን ተቆረጥኩ» ይላሉ፤ ያቺ «ተ» ሌላ ሰው እንደቆረጠዎት በደንብ ትመሰክራለች። በእንግሊዝኛ ግን ብዙዎቻችን «አይ ከት ማይ ሄር» ብለን እናልፋለን። ሰሚው ጨዋ ከሆነ ዝም ይላል፤ በዓይነ ልቡናው ግን መስታወት ፊት ቆመው በገዛ እጅዎ መቀስ ይዘው ፀጉርዎን ሲከረክሙ ይታየዋል። «አይ ጎት ማይ ሄር ከት» ይበሉት። «ጎት» ገባች፣ «ከት» ወደ መጨረሻ ሄደች፣ መቀሱም ከእርስዎ እጅ ወደ ፀጉር አስተካካዩ እጅ ተዛወረ። መኪናዬን አስጠገንኩ፣ ጥርሴን አስነቀልኩ፣ ግድግዳውን አስቀባሁ፣ ሰነዱን አስተረጎምኩ፤ የእኛ «አስ» የምትሠራውን ሥራ በእነሱ ዘንድ «ጌት» ትሠራዋለች። መጀመሪያ «ጎት»፣ ከዚያ ዕቃው፣ ከዚያ የተሠራበት ግሥ። ይቺን ሰልፍ ብቻ ቢይዙ ደብዳቤዬ በከንቱ አልሄደም።

«ግን እኮ ታምታታኛለች» ይሉኛል፤ እውነት ነው፣ በዚህ አልዋሽዎትም። «አይ ጎት ቱ ወርክ» የሚለውን ይውሰዱ። ሥራ ቦታ ደረስኩ ሊሆን ይችላል። ሥራዬን ጀመርኩም ሊሆን ይችላል። የመሥራት ዕድል ደረሰኝም ሊሆን ይችላል። በፍጥነት ሲነገር ደግሞ መሥራት አለብኝ ይሆናል፤ የ«አይቭ ጎት» «ቭ» በጥርስ መካከል ስትጠፋ ማለት ነው። የሚፈርደው የሚከተለው ቃል ነው። ሰዓት ከተከተለው ደረሱ፤ ከሚወዱት ሰው ጋር ከተባለ ዕድል ነው፤ «ቱሞሮው» ካለበት ግዴታ ነው። በተለይ ሁለቱን እንዳያምታቱ አደራ፦ «አይ ጌት ቱ ጎ» የመሄድ ዕድሉ አለኝ ነው፣ «አይቭ ጎት ቱ ጎ» ግን መሄድ አለብኝ ነው። አንዱ በአማርኛ «ተፈቀደልኝ» ነው፣ ሌላው «አለብኝ»። በሥራ ቦታ አለቃዎ «ዩ ጌት ቱ ጎ» ካለዎት ደስ ይበልዎት።

መውጣትና መውረድንም ነካ ላድርግ። እኛ «ወራጅ አለ!» ካልን ሚኒባስ ሆነ አውቶቡስ አይለይብንም። እነሱ ከአውቶቡስ፣ ከባቡርና ከአውሮፕላን «ጌት ኦፍ» ይላሉ፤ ከመኪናና ከታክሲ ግን «ጌት አውት» ነው። ቆመው የሚራመዱበት ከሆነ «ኦፍ»፣ ጎንበስ ብለው የሚገቡበት ከሆነ «አውት» ብለው ቢይዙት ብዙ አይስቱም።

«ሁሉም መልካም፤ ግን መምህሬ ‹ጌት› ጥሩ እንግሊዝኛ አይደለችም ብሎኛል» የሚለውን ሙግትዎን ለመጨረሻ ያስቀመጡት ይመስለኛል፤ ከባዱ እሱ ነውና። መምህርዎ ብቻቸውን አይደሉም። በእንግሊዝ አገርም ተማሪ በድርሰቱ ውስጥ እንዳያበዛት የሚከለክሉ መምህራን ኖረዋል። ለማመልከቻ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ፣ ለፍርድ ቤት አቤቱታ እኔም «ሪሲቭ»ና «ኦብቴይን»ን እመርጣለሁ፤ ቦታቸው ነው። እኛ ግን እንግሊዝኛን በአብዛኛው የቀሰምነው ከመጽሐፍ ነው። ፊዚክሱንም ታሪኩንም ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ያነበብን ሰዎች ነን። መጽሐፉ የሚጽፈውን ቋንቋ እንደሚነገር ቋንቋ ቆጠርነው፤ ረጅም ቃል የዕውቀት ምልክት፣ አጭር ቃል የድንቁርና መሰለን። ይህ ልማድ ያስከፈለን ዋጋ አለ። የታመመ ሰው የሚያስታምም ነርስ፣ ደንበኛ የሚያሳፍር ሹፌር፣ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ መሐንዲስ ንግግሩ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ሰሚው ይርቀዋል። አልፎ ተርፎም ሌሎች «ጌት ኦቨር»፣ «ጌት ባይ»፣ «ጌት አሎንግ» ሲሉ፣ ከሐዘን ስለ መጽናናት፣ ኑሮን ስለ መግፋት፣ ከሰው ጋር ስለ መግባባት እያወሩ መሆኑ ያመልጠዋል። የሰው ልብ የሚነገረው በእነዚህ ነው። ለዚህ ነው በ«ጌት» ጉዳይ ዝም ማለት የማልችለው።

አሜሪካ ልጆች የሚያሳድጉ ከሆነ ደግሞ ልጅዎ «ጋትን» ሲል ሰምተው «‹ጎት› በል!» ብለው እንዳይገሥጹት። አሜሪካኖች ሁለቱን ይለያሉ፤ «አይቭ ጎት ኤ ካር» መኪና አለኝ ነው፣ «አይቭ ጋትን ኤ ካር» መኪና ገዛሁ፣ በእጄ ገባ ነው። ቃሉ ድሮ በእንግሊዝም ይነገር ነበር። እንግሊዞቹ በአብዛኛው ተዉት፣ ባሕር ማዶ ግን ተረፈ። ልጁ ትክክል ነው፤ እንዲያውም ልዩነቱን እንዲያስረዳዎት ይጠይቁት፣ ደስ ይለዋል።

አንድ ልመና ይቀረኛል። ከነገ ጀምሮ በልብዎ «ገባኝ»፣ «ደረሰኝ»፣ «እየደከመኝ ነው» ብለው ያሰቡትን በእንግሊዝኛ ሊናገሩ ሲሉ፣ ረጅሙን ቃል ከመፈለግዎ በፊት «አይ ጌት» ብለው ይጀምሩና የቀረው ሲመጣ ይዩት። ሰው ሲናገራት ሰምተው ያልገባችዎት «ጌት» ካለች ደግሞ፣ ከነሙሉ ዓረፍተ ነገሯ፣ ከፊቷና ከኋላዋ ካሉት ቃላት ጋር ጽፈው ይላኩልኝ። አብረን እናያታለን።

አክባሪ ወዳጅዎ