ሸክላው ከመሸጡ በፊት ድምፁ ይቀዳ

“ሸክላ ይሻላል ወይስ ዲጂታል?” የሚለው ክርክር በሙዚቃ አፍቃሪዎች ዘንድ እስካሁን እልባት አላገኘም። ለነጋዴው ግን ጥያቄው አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። የትኛው ጥሩ ይሰማል? የትኛውስ ዋጋ ይዞ ይቆያል? ሁለቱን አቀላቅሎ ገበያ የወጣ ሰው መክሰሩ አይቀርም።

በድምፅ ጥራት ከሆነ ፍርዱ ለዲጂታል ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ ይመዘግባል። በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለው ስፋትም 96 ዴሲቤል ያህል ሲሆን፣ የሸክላ ቢበዛ 70 ገደማ ነው። በዚያ ላይ ሸክላ በተጫወተ ቁጥር ይፋቃል፤ አቧራው ይንጫጫል፤ መርፌው ወደ መሐል በተጠጋ መጠንም ድምፁ ይሻክራል። “የሸክላ ድምፅ ይሞቃል” የሚሉ ወገኖች ጨርሶ አልተሳሳቱም። ብዙ ሲዲዎች ጎልተው እንዲሰሙ ሲባል ድምፃቸው ከመጠን በላይ ተጨምቆ ስለታተመ፣ የዚያው ሥራ ሸክላ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጥፋቱ ግን የአሳታሚው እንጂ የዲጂታል አይደለም።

በአጠቃቀምም ቢሆን ውድድር የለም። የትልቁ ሸክላ አንድ ገጽ ከ20 ደቂቃ ብዙም አይዘልም። ትንሹ ባለ 45 ዙር ደግሞ ባብዛኛው በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን ነው የሚይዘው። ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ግን ሺህ ዘፈን ይዞ መብራት ሲጠፋም ይጫወታል።

ታዲያ ሸክላን ማን ይገዛዋል? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. 41 ሚሊዮን ሸክላ ሲሸጥ ሲዲ 33 ሚሊዮን ላይ ቆሟል። ሸክላ በቁጥር ሲበልጥ ከ1987 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ዓመት ግን ከተቀዳ ሙዚቃ ገቢ 84 በመቶው የመጣው በኢንተርኔት ከሚደመጠው ነው። ሰው የሚያዳምጠው ዲጂታል፣ የሚያስቀምጠው ሸክላ ሆኗል ማለት ነው። ለኢንተርኔቱ የሚከፈለው ኪራይ ነው፤ ክፍያው ሲቆም ሙዚቃውም ይቆማል። ሸክላ ግን ንብረት ነው፤ ተመልሶ ይሸጣል።

የእኛ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። አቶ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ጀመሩ፤ አቶ ዓሊ አብደላ ካይፋም ተከተሏቸው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ካሴት ገበያውን ሲይዝ ያ ዘመን አከተመ። “ኢትዮፒክስ” የተሰኙት ሲዲዎች በ1990ዎቹ መጨረሻ በፈረንሳይ መውጣት ከጀመሩ በኋላ ግን የውጭ ሰብሳቢዎች ዋናውን ሸክላ ማደን ያዙ። ዛሬ ብርቅና ንጹሕ ለሆነ አንድ ትንሽ ሸክላ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር የሚከፍል አለ። እኛ ዘንድ ግን በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል።

ስለዚህ የወላጆቹ ሸክላ ያለው ሰው ለደላላ በጅምላ ከማስረከቡ በፊት አንድ በአንድ ይለየው። የተጫረውን ከንጹሑ፣ ሽፋን ያለውን ከሌለው ለይቶ ይመዝግብ። ሸክላ ተደራርቦ አይቀመጥም፤ ከሙቀት ርቆ ይቆማል። ገዢም ይጠንቀቅ፤ በውጭ አገር በድጋሚ የታተሙ አሉና መሐሉ ላይ ያለውን ወረቀትና ዳሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ያስተያይ። ሸክላ ሁሉም ወርቅ አይደለም፤ የተቆረጠ ዋጋም የለውም፤ ገዢ እስኪገኝም ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከሁሉም በላይ ከመሸጡ በፊት ድምፁ በባለሙያ ይቀዳ። አንዳንዱ ዘፈን የቀረው በጥቂት ሸክላዎች ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እሱም በዶላር ተሽጦ ከወጣ ልጆቻችን የአባቶቻቸውን ድምፅ ከባዕድ ሊገዙ ነው። ቅጂው ግን ለቤት ነው። ሸክላውን የገዛ ዘፈኑን አልገዛም፤ አባዝቶ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል።

ለጆሮ ዲጂታል፣ ለሣጥን ሸክላ። ሁለቱንም በየቦታቸው ያዋለ ነጋዴ አይከስርም።