ስለ ነርስ ዕውቀትና ሥልጣን

ሐኪም በሽተኛውን በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይጎበኛል፤ ነርስ ግን ሌሊቱን ሁሉ ከአጠገቡ አትለይም። ትንፋሹ ሲፈጥን፥ ሽንቱ ሲያንስ፥ ንግግሩ ሲዘበራረቅ አስቀድማ የምታየው እርስዋ ናት። ነገር ግን ያየችውን ለመመርመርና መድኃኒት ለማዘዝ ዕውቀቱም ፈቃዱም ከሌላት፥ ሐኪሙ እስኪመጣ ድረስ በሽታው አይጠብቅም።

በአሜሪካ አገር ነርሷ ሎሬታ ፎርድና የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር በ1965 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነርሶች ሕፃናትን ራሳቸው መርምረው እንዲረዱ የሚያበቃ ትምህርት ከፈቱ። ያሰቡት ሐኪም ለማያገኙ ሕፃናት ነበር፤ ዘዴው ግን እየሰፋ ሄዶ ዛሬ በዚያ አገር በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሳይቀር እንዲህ ያሉ ነርሶች መርምረው መድኃኒት ያዛሉ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባውም። የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ፥ ሐኪም ሳይሆኑ የሚያክሙ የጤና መኮንኖችን አስተምሯል፤ እኛም የዚያ ሙያ ልጆች ነን።

የሚያሳዝነን ሌላ ነው። ነርስ ከፍ ያለ ዲግሪ ስትይዝ ብዙ ጊዜ ከበሽተኛው አልጋ ተነሥታ ወደ ጽሕፈት ቤት ወንበር ትዛወራለች፤ ዕድገት የሚባለውም ይኸው ነው። እኛ የምንጠይቀው ደመወዝዋ ከፍ ብሎ እዚያው በአልጋው አጠገብ እንድትቆይ፥ የትኛውን መድኃኒት ራስዋ እንደምታዝና ሐኪም መጥራት የሚገባትም መቼ እንደ ሆነ በጽሑፍ ተወስኖ እንዲሰጣት ነው።