የሐዲዱን መሬት አትንኩት

«አሮጌው ባቡር ሞቷል፤ ተዉት ይረፍበት» ይሉናል። «አዲሱ መጥቶ የለም? የድሮውን ምን ታደርጉታላችሁ?» ይሉናል። ባለሥልጣኑ እንዲህ ይላል። ባለሙያው እንዲህ ይላል። የመሬት ደላላው ደግሞ ከሁለቱም ጮክ ብሎ ይላል። እኔ ግን አልሞተም እላለሁ፤ እኛው ነን የምንገድለው። እንዲሞት የተፈረደበትም ስላረጀ ሳይሆን የተኛበት መሬት ስለተፈለገ ነው።

ለመሆኑ አዳማን ማን ቆረቆራት? ባቡሩ ነው። ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ከጅቡቲ እስከ ለገሃር 784 ኪሎ ሜትር። በዚህ ሁሉ መንገድ ባቡሩ የቆመበት ስፍራ ከተማ ሆነ። ሞጆን፣ አዳማን፣ ወለንጪቲን፣ መተሐራን፣ አዋሽን ተመልከቱ። ገበያው፣ ሻይ ቤቱ፣ ሆቴሉ፣ መናኸሪያው ጣቢያውን ተጠግቶ ነው ያደገው። የአዳማ አሮጌ ጣቢያ መሃል ከተማ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ከተማዋ ናት ጣቢያውን ከብባ የተሠራችው።

አሁን ወደ አዲሱ እንምጣ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በታላቅ ድምቀት ተመረቀ። አገሪቱ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሰችበት፤ ብድሩ ገና ከጫንቃችን አልወረደም። በኤሌክትሪክ ይሄዳል። ከሰበታ እስከ አዳማ ጥንድ ሐዲድ ነው፤ ከአዳማ ወዲያ ነጠላ ይሆናል። ጥንድ ሐዲድ ለምን ይዘረጋል? የሚሄደውና የሚመጣው ባቡር አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ እንዲመላለስ ነው። ታዲያ ጠዋት አዳማ ቁርሱን በልቶ፣ በዚያ ጥንድ ሐዲድ አዲስ አበባ ሥራ ገብቶ፣ ማታ የሚመለስ ሠራተኛ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም።

ለምን ቢባል፣ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። የአዲስ አበባውም ቢሆን ለቡ ዳር ላይ ነው። ከአዳማ መሃል ለመነሳት ባጃጅ ትይዛለህ፤ ለቡ ስትደርስ ደግሞ ታክሲ ትሰለፋለህ። ያን ጊዜ ከመናኸሪያ የተነሳው ሚኒባስ በፈጣን መንገዱ በርሮ ሰዉን አውርዶ ጨርሷል። ከዚያ አንዱ ባለሙያ ይነሳና «ሕዝባችን የባቡር ባህል የለውም» ይለናል። የባቡር ባህል የለውም? ዶሮውን፣ ብርቱካኑን፣ ሕፃኑን ታቅፎ በፉርጎ ሲመላለስ የኖረ ሕዝብ? ሕዝቡ ባቡሩን አልሸሸም። ባቡሩ ነው ከሕዝቡ ርቆ የቆመው።

አዲሱን መስመር አላጣጥልም። ጭነት ይሳብበታል፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያለ እሱ እንዲኖር አልፈልግም። ነገር ግን ኮንቴይነር ከወደብ የሚያመጣ መስመር ተማሪዋን ከወለንጪቲ አዳማ አያደርስም። አዲሱ አሮጌውን ተክቷል የሚሉን ሰዎች እስቲ አንድ ጥያቄ ይመልሱልኝ፦ የትኛውን ሥራውን ነው የተካው?

ግብዝነታችን ደግሞ ወሰን የለውም። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ስለ አየር ንብረት፣ ስለ ዘላቂ ትራንስፖርት፣ ስለ አረንጓዴ ከተማ በአዳራሾቿ ያልተባለ ነገር የለም። ተሰብሳቢው አበሉን ይፈርማል፣ ላንድክሩዘሩን ያስነሳል፣ የባቡር ማቋረጫውን ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ይፈተለካል። ከጎማው ሥር ያለውን ብረት ዞር ብሎ አያየውም። የተሰበሰበበትን ጉዳይ እየረገጠ ነው የሄደው!

እኛስ? እኛም ከእሱ አንሻልም። ለገሃር ፊት ለፊት ፎቶ እንነሳለን፤ «ደጉ ዘመን» እያልን እንተክዛለን። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ኢግል ሂልስ የተባለው የኤምሬትስ ኩባንያ በለገሃር 36 ሄክታር ላይ አዲስ ሰፈር ሊገነባ ሲነሳ፣ የጣቢያው ሕንፃ በቅርስነት ይጠበቃል ተባለና ልባችን አረፈ። ሕንፃው ይቆያል፤ እሺ። ባቡር የማይገባበት ጣቢያ ግን ምን ይባላል? ቅርስ እያልን የምናሞካሸው ነገር ሰው እንዳያመላልስ አድርገን ከጨረስን በኋላ ነው። ለናፍቆት እንባ አለን። ለአገልግሎት ግን አንድ ደብዳቤ እንኳ አንጽፍም።

«አሮጌው ጠባብ ነው፤ አንድ ሜትር ብቻ ነው ስፋቱ» ይላሉ። ይሁን። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ልክ እንደኛ በቻይና ብድር ሰፊውን መስመር ሠራች። የናይሮቢው አዲስ ጣቢያ ልክ እንደኛው ከመሃል ከተማ ርቆ ስዮኪማው ላይ ተተከለ። ምን አደረገች? ከሞምባሳ የመጣውን መንገደኛ ከስዮኪማው ተቀብሎ መሃል ናይሮቢ የሚያስገባው ያው የቅኝ ግዛት ዘመኑ ጠባብ ሐዲድ ነው። በ2020 ደግሞ ከስፔን ያገለገሉ ባቡሮች ገዝታ የከተማ ዙሪያ ጉዞውን አጠናከረች። ጠባቡ ሐዲድ ለናይሮቢ ሲበቃ ለአዳማ ጠበበ?

«አንዴ የሞተ መስመር አይነሳም» ይላሉ። የፈረንሳይዋ ናንት የከተማ ባቡሯን እ.ኤ.አ. በ1958 ዘግታ በ1985 መልሳ ከፈተች። ሎስ አንጀለስ ወደ ሎንግ ቢች የሚወስደውን የመጨረሻ መስመሯን በ1961 ዘጋች። በ1990 ስትመልሰው አብዛኛውን በዚያው በጥንቱ መስመር ላይ ነው የዘረጋችው። እንዴት ቻለች? ጭነት ባቡር ሲሄድበት ስለቆየ መሬቱ አልተሸነሸነም። ምስጢሩ ይኸው ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።

«አደጋውን ረሳህ?» የሚለኝም አለ። አልረሳሁም። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። የወገን ደም ነው፤ አይረሳም። ጠመዝማዛ ላይ ከልክ በላይ የተነዳ ባቡር ይገድላል። ከልክ በላይ የተነዳ ሲኖትራክስ? ከአዳማ እስከ አዋሽ ባለው አስፋልት ላይ ስንት እናት አልቅሳለች? መንገዱን ዝጉት፣ ለቤት መሥሪያ አከፋፍሉት ያለ ግን አልሰማሁም።

«የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርን አላየህም?» ይሉኛል ደግሞ። አይቼዋለሁ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. 34 ኪሎ ሜትር መስመርና 41 ባቡሮች ይዞ ጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ይህ የሚመሰክረው በእኛ ጥገና ላይ ነው እንጂ በሐዲድ ላይ አይደለም። አውቶቡስ ጎማ አጥቶ ሲቆም መንገዱን እናርሳለን?

መተሐራ ላይ የሆነውን አስታውሱ። የበሰቃ ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መጥቶ አስፋልቱንም ሐዲዱንም ሊውጥ ሲል፣ አፈርና ድንጋይ ተሞልቶ ከፍ ተደረገ። ሠራተኛው ከውሃ ጋር ታግሎ መስመሩን አተረፈ። ከሐይቅ የተረፈውን ሐዲድ ለይዞታ ካርታ አሳልፈን እንሰጣለን? ውሃ ያልቻለውን ማኅተም ሊጨርሰው?

የሚሆነውን ልንገራችሁ። ዛሬ አንዱ በሐዲዱ ላይ አጥሩን ይገፋል። ነገ ሌላው ሱቅ ይሠራል። ከነገ ወዲያ ካርታ ይወጣል። ከ20 ዓመት በኋላ አዳማ በመኪና ታንቃ መላወሻ ስታጣ አንድ የውጭ አማካሪ በብዙ ገንዘብ ይቀጠርና ከተማዋ በመሃሏ የሚያልፍ ቀላል ባቡር ያስፈልጋታል ብሎ ይጽፋል። ያኔ ግሬደር ይመጣል። ባለ ካርታው ካሳውን ይቀበላል። ካርታ የሌላት ጉሊት ቸርቻሪ ግን ዕቃዋን በጀርባዋ አዝላ ትሄዳለች። ስንፍናችንን የምትከፍለው እሷ ናት።

ከሞጆ ወደ ደቡብ ያሉትን ከተሞችም ጠይቁ። መቂ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔ። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን ከሞጆ በሐዋሳ በኩል የሚወርድ ባቡር በካርታ ላይ ተሥሎላቸው ነበር፤ በወረቀት ቀረ። ነገ ልሥራላችሁ የሚል ቢመጣ እርሻ ማስለቀቅ፣ ቤት ማፍረስ፣ ካሳ መክፈል አለበት። የእኛ መስመር ግን ከመቶ ዓመት በፊት ተከፍሎበታል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው።

የምጠይቀው ተአምር አይደለም። አንደኛ፣ ከቢሾፍቱ እስከ አዋሽ ያለው የአሮጌው ሐዲድ መሬት ተለክቶ የባቡር ይዞታ ሆኖ ይመዝገብ፤ አንድ ካሬ ሜትር እንዳይሰጥ። ሁለተኛ፣ የአዳማን አሮጌ ጣቢያ ከአዲሱ ጋር የሚያገናኝ፣ ሁለት ሦስት ፉርጎ ያለው ቀላል ባቡር ይጠና። ሦስተኛ፣ ያ የተበደርንበት ጥንድ ሐዲድ ጠዋትና ማታ ሠራተኛና ተማሪ ያመላልስ። የመጀመሪያው ገንዘብ እንኳ አይፈልግም። ካድሬውን፣ ደላላውንና ባለ ሀብቱን እምቢ ማለት ብቻ ነው የሚፈልገው። የቸገረንም እሱ ነው።

አንተም ይህን ታውቃለህ። አንቺም በሆድሽ ትዪዋለሽ። ቡና ላይ እናንሾካሽካለን፤ ስብሰባ ላይ ስንደርስ እናጨበጭባለን። መሬቱ ካለቀ በኋላ ብንጮህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሐዲድ እንደገና ይገዛል፤ ፉርጎም ይገዛል። ከተማን መሃል ለመሃል የሚያቋርጥ ክፍት መሬት ግን አንዴ ከሄደ በምንም ብር አይመለስም። ስለዚህ በሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ እጃችሁን አውጡና በስም፣ በአደባባይ ጠይቁ፦ የሐዲዱን መሬት ለማን ሰጣችሁት?