ቡፌያችን ስንተኛው ዓመት ላይ ቆሟል?

ሆላንዶችና መጋረጃ አይዋደዱም። ይህን ለማረጋገጥ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በአምስተርዳም፣ በሮተርዳም ወይም በሄግ አንዱን የመኖሪያ ሰፈር በእግር ማቋረጥ ይበቃል። መብራቱ ቦግ ብሎ፣ መስታወቱ ተወልውሎ፣ ባልና ሚስት እራት ሲበሉ፣ ልጅ የቤት ሥራውን ሲሠራ፣ ድመት ስታንቀላፋ ሁሉም ከመንገድ ይታያል። አንዳንዱ ነገሩን ከካልቪን ሃይማኖት ጋር ያያይዘዋል፤ «የምደብቀው የለኝም» ማለታቸው ነው ይላል። ሌላው በዚህ ደመናማ ሰማይ ሥር ብርሃን ብርቅ ስለሆነ ነው ይላል። የሆነ ሆኖ መስኮት እዚህ አገር ቀላል ነገር አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ ሁለት ተመራማሪዎች የብዙ አገር ሰዎች የሚኖሩበትን አንድ የሆላንድ ሰፈር አጥንተው ያወጡት ጽሑፍ ርእሱ «መጋረጃ መዝጋት የሆላንድ ወግ አይደለም» የሚል ነበር። ጎረቤት በመስኮታችን ያነበናል ማለት ነው።

በበኩሌ ይበልጥ የምትገርመኝ ከመስታወቱ ሥር ያለችው ደፍ ናት። ቬንስተርባንክ ይሏታል። ወርዷ ከአንድ ስንዝር ብዙ አትበልጥም፤ ሥራዋ ግን የቀን መቁጠሪያ ሥራ ነው። ጃንዋሪ ላይ የቱሊፕ እቅፍ ይቆምባታል (በ2012 የተጀመረው የቱሊፕ ቀንም በዚሁ ወር አምስተርዳም ላይ ሕዝቡ አበባ በነፃ የሚለቅምበት ነው)። ፋሲካቸው ሲቃረብ ቅርንጫፍ ማሰሮ ውስጥ ይተከልና ባለቀለም እንቁላል ይንጠለጠልበታል። ኤፕሪል 27 ለንጉሡ ልደት ሁሉ ነገር ብርቱካንማ ይሆናል። ሜይ 4 የጦርነት ሙታን ሲታሰቡ ሰንደቅ ዓላማው ዝቅ ይላል፤ በማግሥቱ ለነፃነት ቀን ከፍ ይላል። ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ፈተናውን ሲያልፍ የደብተር ቦርሳው ከሰንደቁ ጋር ከቤቱ ፊት ይሰቀላል። ቅጠል ሲረግፍ ዱባ፣ ዲሴምበር 5 ሲንተርክላስ፣ ከዚያ ኮከቡና ሻማው። ቋንቋቸውን የማያውቅ መንገደኛ እንኳ ወሩን ከመስኮት ያነባል።

አሁን ጫማችንን እናውልቅና ወደ እኛ ሳሎን እንግባ።

ቡፌው እነሆ። መስታወቱ ውስጥ ማንም የማይጠጣበት ብርጭቆ ተደርድሯል። ከላይ ከእንጨት የተቀረጸ ቤተ ጊዮርጊስ፣ ሙዳይ፣ ትንሽ መሶብ፣ አፉ የተሸረፈ ጀበና፣ ጭራ፣ የእናትና የአባት ፎቶግራፍ፣ አቧራ የጠጣ የፕላስቲክ ጽጌረዳ። ግድግዳው ላይ ደግሞ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለው የቱሪዝም ፖስተር። ሀብተሥላሴ ታፈሰ በአፄው ዘመን ያመጡት ይህ መፈክር ዓለምን ዞሯል። ጉዱ ግን ፖስተሩ በተሰቀለበት ሳሎን ውስጥ ከ13ቱ ወራት አንዱም አለመታየቱ ነው። መስከረምም ሚያዝያም ያው ጽጌረዳ፣ ያው አቧራ።

የብዙ ወገኖቼን ሳሎን አይቻለሁ። ከጊዜ ብዛት፣ ቡፌውን ብቻ አይቼ ባለቤቱ ከአገር የወጣበትን ዘመን መገመት ችያለሁ። በደርግ ጊዜ የወጣው ሰው ቡፌ ሌላ ነው፤ ከ1991 እ.ኤ.አ በኋላ የመጣው ሌላ ነው፤ ትናንት የመጣው ወጣት ደግሞ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ቡፌ በወጣንበት ቀን ላይ የቆመ ሰዓት ነው። ባለቤቱ አርጅቷል፣ ልጆቹ አድገዋል፣ አገር ቤት መንግሥት ተለዋውጧል። ቡፌው ግን አልሰማም።

አገር ቤት እኮ እንዲህ አልነበረም! ጳጉሜን ስትገባ መጋረጃው ይወርዳል፣ ዳንቴሉ ታጥቦ ይተኮሳል፣ አቅም ያነሰው ቤት እንኳ የጭቃ ግድግዳውን በአዲስ ጋዜጣ ይለጥፋል። በዋዜማው ቀጤማ ይጎዘጎዛል። ሴቶች ልጆች «አበባየሆሽ» እያሉ፣ ወንዶች ልጆች በእጃቸው የሳሉትን አበባ ይዘው በየደጁ ይመጣሉ። ይህን ሁሉ «የቤት ማስጌጥ» ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም፤ በዓል ነበር፣ በቃ። አደይዋ ከሜዳው፣ ቀጤማው ከወንዝ ዳር፣ ችቦው ከገበያ፣ ሁሉም ራሱ ወደ ቤት ይመጣ ነበር። ስደት ይህን መንገድ ቆረጠብን። እዚህ ሄደን ካላመጣነው የሚመጣልን ወቅት የለም።

ታዲያ ምን ጎደለብን? ከሁሉ በፊት ልጆቻችን ጎደለባቸው። እዚህ የተወለደ ልጅ «አዲስ ዓመታችን መቼ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «መስከረም አንድ» እንለዋለን። መስከረም ለእሱ ድምፅ ብቻ ነው። ሴፕቴምበር እሱ በሚያውቀው ዓለም ቅጠል የሚረግፍበት፣ ዝናብና ነፋስ የሚጀምርበት ወር ነው። በዚያው ወር አንድ ሙሉ አገር ቢጫ እንደሚለብስ በቃል ብቻ ነግሮ ማሳመን ይከብዳል። ልጅ በዓይኑ ያላየውን ወር ልቡ ውስጥ አያስቀምጠውም።

ፈረንጆቹ ይህን ተረድተው ሥርዓት አበጅተውለታል። የሩዶልፍ ሽታይነርን ትምህርት የሚከተሉት ትምህርት ቤቶች መጀመሪያ በ1919 ጀርመን ሽቱትጋርት ላይ ተከፈቱ፤ የሆላንድ የመጀመሪያው በ1923 እዚሁ ሄግ ላይ ተከተለ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ክፍል ጥግ «ሴይዙንስታፈል»፣ ማለትም የወቅት ጠረጴዛ ይገኛል። አንድ ጨርቅ፣ ከሜዳ የተለቀመ ቅርንጫፍ፣ ድንጋይ፣ ፍሬ፣ ትንሽ አሻንጉሊት ይቀመጥበታል፤ ወቅት ሲለወጥ ጨርቁም ዕቃውም ይለወጣል። ልጆቹ ራሳቸው ያመጣሉ፣ ራሳቸው ያነሳሉ።

ሄግ ውስጥ የማውቃት አንዲት እናት ይህንኑ ወስዳ በእኛ ቀን መቁጠሪያ ታደርገዋለች። የሳሎኗ መስኮት ደፍ የልጅቷ ናት። ስድስት ዓመቷ ነው። እንግዳ ሲመጣ ከሰላምታ ቀጥላ «ያሁኑን አየኸው?» ትላለች። ገናን፣ ጥምቀትን፣ ቡሄን በቅደም ተከተል ትቆጥራለች፤ ያጠናችው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከደፏ ላይ ነው።

ነገሩ ግን የልጆች ብቻ አይደለም። ኖቬምበር 2013 ሮተርዳም ውስጥ አንዲት አረጋዊት ከሞቱ አሥር ዓመት ገደማ ካለፋቸው በኋላ በገዛ ቤታቸው ተገኙ። ጡረታቸው ወደ ባንክ ይገባ፣ ኪራያቸው በራሱ ይቆረጥ ስለነበር የጠየቀ አልነበረም። እድር በሌለበት አገር እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል። እኛም አንድ ነገር ልብ እንበል፤ በ30 ዓመቱ በ1980ዎቹ የተሰደደው ወንድማችን ዛሬ 70 እየዘለለ ነው። ብዙዎቹ ለብቻቸው ይኖራሉ። በየበዓሉ የሚለወጥ መስኮት «አለሁ» ይላል። ከማዶ ያለችው ሆላንዳዊት ቢጫውን አበባ ማየት የለመደች እንደሆነ፣ የቀረ ቀን ደውል መደወሏ አይቀርም። በዓመት የማትለወጥ መስኮት ግን ብትቆምም ያው፣ ባትቆምም ያው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። መጀመሪያ ቦታ እንምረጥ፤ የመስኮት ደፍ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ካልተመቸ ከቡፌው ላይ ሁለት ክንድ ይበቃል። የእናትና የአባት ፎቶግራፍና ጀበናው ከቦታቸው አይነሱ፤ ቤት ቋሚ ነገር ይፈልጋል። የቀረው ሁሉ ካርቶን ይግባ። ካርቶኑ ላይ የወሩ ስም በአማርኛ ይጻፍበት፤ ልጅ ፊደል የሚቆጥርበት ሌላ ምክንያት ይሆናል። በአንድ ጊዜ ከአምስት ዕቃ በላይ አይውጣ። ሲበዛ ዓይን አንዱንም አያይም። ደግሞ ከደፉ ሥር ማሞቂያ አለና ለምለም ነገር ቶሎ ይደርቃል፤ ውሃ አይርሱ። ፀሐይ የጥለቱን ቀለም ትበላለችና ጥሩውን ነጠላ ወር ሙሉ አይተዉት።

መስከረም ሲመጣ አደይን ከየት እናምጣ? እህቷ እዚሁ አለች። አደይ አበባ ቢደንስ ከሚባለው የዕፅዋት ወገን ናት፤ ከዚሁ ወገን የሆነችና ከሜክሲኮ በኩል የመጣች ቢጫ አበባ በየአበባ መሸጫው በሚንጠለጠል ማሰሮ ትሸጣለች። ሜይ ላይ ገዝቶ ውሃ ላላጓደለባት ሰው ውርጭ እስኪመታት ድረስ ታብባለች፤ እንቁጣጣሽን በደስታ ትደርሳለች። ለቀጤማም ዘመድ አለው፤ «ፓፒሩስ» እያሉ የሚሸጡት የቤት ተክል ከዚያው ቤተሰብ ነው፣ ሥሩን ውሃ ውስጥ ካቆሙለት ሌላ አይጠይቅም። ልጆቹ የሳሉትን የአበባ ሥዕል መስታወቱ ላይ ይለጥፉ። ለመስቀል ከፓርክ የተለቀሙ ጭራሮዎች አንድ ላይ ታስረው ሲቆሙ ደመራ ይሆናሉ፤ ታዲያ አይለኮስ! የኦሮሞ ወገኖቻችን ለኢሬቻ እርጥብ ሣርና ቢጫ አበባ በዚያው ሰሞን ስለሚይዙ ደፏ ሳትፈርስ ሁለት በዓል ታስተናግዳለች።

ኅዳር የመኸር ወር ነው። የደረቀ የገብስ ዛላ አበባ ሻጮቹ ዘንድ በእቅፍ ይገኛል፤ አንድ ሳህን ጤፍ ከጎኑ ይቀመጥ። የሆላንድ ልጅ ጤፍ ከእንጀራ በፊት ምን እንደሚመስል ይይ፣ የእኛም ልጅ እንዲሁ።

ገና ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። ጎረቤት ዛፉን ወደ ውጭ ሲጥል የእኛ በዓል ገና ጃንዋሪ 7 ነው፤ ሻማውም ጌጡም በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ከዛፉ ይልቅ ግን የገና ዱላና ሩር ይቁም፤ ጨዋታውን ለልጅ ማስረዳት ከዚያ ይጀምራል። ለጥምቀት ነጭ ነጠላ፣ ንጹሕ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን፣ ሎሚ። የሎሚውን ታሪክ አባት ለልጁ ሲያጫውት እናት ከጓዳ መሳቋ አይቀርም። የካቲት 23 ዓድዋ ነው፤ የጀግኖቹ ሥዕል ይውጣ። ሁዳዴ ሲገባ ሁሉም ይነሳ፤ ባዶ ደፍ ከአንድ ጧፍ ጋር ራሷ ትናገራለች፣ ፋሲካም የሚደምቀው ከዚያ ባዶነት በኋላ ነው። ለቡሄ ጅራፍና ችቦ። እስላም ወገኖቻችን ደግሞ በዚህ ነገር ከሁላችንም ይበልጣሉ፤ ረመዳንና ዒድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደሙ ወቅቱን ሁሉ ስለሚዞሩ ጨረቃዋና ፋኖሷ አንድ ዓመት ከቱሊፕ፣ ሌላ ዓመት ከበረዶ ጋር ትውላለች።

ወጪው? አምስተርዳም የአልበርት ካውፕ ገበያ ከእሑድ በቀር በየቀኑ አለ። ሮተርዳም ቢነንሮተ ማክሰኞና ቅዳሜ ይቆማል። የሄጉ ትልቁ ገበያ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ነው። ማምሻውን ሻጩ ድንኳኑን ሲያፈርስ አበባ በሳንቲም ይሄዳል። ማሰሮና ሳህን ከክሪንግሎፕ፣ ማለትም ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ቤት ይገኛል።

«አገር እየነደደ አበባ?» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ ከ2020 እ.ኤ.አ ወዲህ ብቻ ስንት ቤት ድንኳን እንደጣለ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን ሜይ 4ን እዩ እላለሁ። እነዚህ ሰዎች የደስታቸውንም የሐዘናቸውንም ቀን በዚያው ፊት ለፊት ያወጡታል። የእኛም ደፍ ሐዘን መያዝ ትችላለች፤ በከፋው ወር አንድ ጧፍና አንድ ስም የተጻፈበት ወረቀት ይበቃታል። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነው የፕላስቲክ ጽጌረዳ ግን አያለቅስም፣ አይስቅም። አገራቸውን የሚወዱ ሰዎች አገራቸው ዛሬ ስንተኛው ቀን ላይ እንዳለች ያውቃሉ።

ለዛሬ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን ገጽ አጥፋችሁ ከማስቀመጣችሁ በፊት ልጃችሁን ጥሩና «በእኛ አቆጣጠር ወሩ ማን ነው?» በሉት። ከመለሰ ተመስገን። ካልመለሰ ግን ልጁን አትቆጡት፤ ጽጌረዳዋን ከነአቧራዋ አንሱና ደፏን ለእሱ ስጡት።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።