ስልክ እንጂ ሰው አልተቀየረም፦ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ገዥ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ገዥ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

የምጽፍልዎ ስለ ወለድ ወይም ስለ ውጭ ምንዛሪ አይደለም፤ ስልክ ስለ መቀየር ነው። ደመወዝ በስልክ በሚገባበት፣ የቤት ኪራይና ዕቁብ በስልክ በሚከፈልበት በዚህ ዘመን ከሳምሰንግ ወደ አይፎን፣ ወይም ከአይፎን ወደ ቴክኖ የተሻገረ ደንበኛ ገንዘብ እያለው ገንዘብ ያጣል። ባንኮቻችን ለዚህ ሰው ያዘጋጁት መንገድ ደንበኛውን ከማንገላታቱም በላይ ሚስጥሩን ለሌላ ሰው መስጠት ያስለምደዋል። ጉዳዩን ወደ እርስዎ ያመጣሁትም ስለዚህ ነው።

በከተማችን ስልክ እንዴት እንደሚቀየር ላስታውስዎ። ብዙ ሰው አዲሱን ስልክ በሙሉ ገንዘብ አይገዛም። አሮጌውን ይዞ ሱቅ ይሄዳል፤ ሻጩ ያገላብጠዋል፣ ስክሪኑን ብርሃን ላይ ያያል፣ ባትሪውን ይፈትሻል፣ ዋጋ ይቆርጥለታል፤ ደንበኛው ልዩነቱን ጨምሮ አዲሱን ይወስዳል። ፎቶውና የስልክ ቁጥሮቹ እዚያው ቆሞ ሳለ ይዛወሩለታል። ሲም ካርዱ አዲሱ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሻጩ አሮጌውን «ፎርማት» አድርጎ መስታወቱ ውስጥ ለሽያጭ ይደረድረዋል። ደንበኛው ማታ ቤቱ ገብቶ የባንኩን መተግበሪያ ሲከፍት ነው ይህ ስልክ አልተመዘገበም የሚለው።

ነገሩ የመተግበሪያው ብልሽት አይደለም። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለው ጥበቃ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ይህ ማለት ፒን ብቻውን አይበቃም፣ የተመዘገበው ስልክም በእጅ መኖር አለበት ማለት ነው። መተግበሪያው ሲመዘገብ ስልኩ ውስጥ አንድ ሚስጥራዊ ቁልፍ ይቀመጣል፤ ቁልፉ ከዚያ ስልክ እንዳይወጣ ተደርጎ ስለሚሠራ ፎቶና መልእክት የሚያዛውሩት መሣሪያዎች አይነኩትም። እንደ ጉግል ኦተንቲኬተር ያሉ የማረጋገጫ ኮድ የሚያወጡ መተግበሪያዎችም ከዚህ ብዙ አይርቁም፦ ስልኩና አገልግሎት ሰጪው አንድ ሚስጥር ይጋራሉ፣ ሁለቱም ሰዓት ያያሉ፣ ከሚስጥሩና ከሰዓቱ በየ30 ሰከንዱ ባለ 6 አሃዝ ኮድ ይወጣል። ኔትወርክ እንኳ አያስፈልገውም። (እግረ መንገዴን፦ የስልኩን ሰዓት በእጁ 6 ሰዓት ወደ ኋላ መልሶ በሐበሻ አቆጣጠር ያስተካከለ ሰው ኮዱ ሁሌም አልቀበልም የሚለው ለዚህ ነው።) ጉግል ኮዶቹን ከደንበኛው አካውንት ጋር ማስቀመጥ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። የማይክሮሶፍቱ መተግበሪያ ደግሞ ለዓመታት አይፎን ላይ ያስቀመጠውን መጠባበቂያ አንድሮይድ ላይ አይመልስም ነበር። ስለዚህ ብራንድ የሚቀይር ሰው ስልክ ብቻ ከሚቀይረው የባሰ ችግር ይገጥመዋል፤ አምራቾቹም ከቤታቸው የሚወጣውን ደንበኛ ለመሸኘት አይቸኩሉም።

የባንኮቹ ጥንቃቄ ምክንያት አለው። በሐሰተኛ መታወቂያ የሰው ሲም ካርድ አስወጥቶ ሒሳቡን ባዶ ማድረግ የታወቀ ስርቆት ነው። ሒሳቡን ከአንድ ስልክ ጋር ማሰር ይህን ሌባ ይከለክላል፤ እሰየው። ጥያቄዬ ባለቤቱ ራሱ ሲመጣ በየት በኩል ይግባ ነው።

የእኔ ባንክ «ሒሳብ የከፈቱበት ቅርንጫፍ ይሂዱ» አለኝ። ሒሳቤን የከፈትኩት ደሴ ስሠራ ነበር፤ ዛሬ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ገንዘቤን ከየትኛውም ቅርንጫፍ ቼክ ጽፌ ወይም ደብተር አሳይቼ ማውጣት እችላለሁ፤ ፊርማዬም ፎቶዬም በየመስኮቱ ኮምፒውተር ላይ ይታያል። አዲስ ስልክ ለማስመዝገብ ብቻ ደሴ ውረድ ተባልኩ። መቶ ሺህ ብር በእጄ ቆጥሮ የሚሰጠኝ መስኮት ስልኬን ለመመዝገብ ካላመነኝ፣ ሕጉን ያወጣው ሰው ምን እየጠበቀ እንደሆነ አላወቀም።

ቅርንጫፍ ከተደረሰ በኋላስ? ወረፋ ይዤ ሳለሁ ከፊቴ የነበሩት እናት ልጃቸው የገዛላቸውን ስልክ ለሠራተኛዋ ሰጡ። እሷ ትነካካለች፣ ቅጽ ታስሞላለች፣ አልፎ አልፎ ቀና ትላለች። ከዚያ «እማማ፣ ፒን ስንት ይሁንልዎ?» አለቻቸው። እማማም ጮክ ብለው ነገሯት። ሰልፉ በሙሉ ሰማ። በዚያው ግድግዳ ላይ የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሠራተኛዋን አልወቅሳትም፤ ስንት ሰው ቆሞ ይጠብቃታል። ግን ነገ አንድ አጭበርባሪ ደውሎ «ከባንክ ነው፣ የደረሰዎትን ኮድ ይንገሩኝ» ቢላቸው እኚህ እናት ለምን ይጠረጥራሉ? ባንክ እንዲህ ሲጠይቅ በዓይናቸው አይተዋል።

በውጭ አገር ያለው ወገናችን ሁኔታ ደግሞ ይብሳል። ሪያድ ወይም ቤይሩት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ የኢትዮጵያ ሲሟን እናቷ ጋ ትታ ነው የምትሄደው። ኮዱ እናት ስልክ ላይ ይገባል፤ እናት ማንበብ ካልቻሉ የጎረቤት ልጅ ይጠራል፤ እሱ ቁጥሩን በኢሞ ያነብላታል። ባለ ሁለት ደረጃ የተባለው ማረጋገጫ በሦስት ሰው እጅ አለፈ ማለት ነው። እሷ ስልክ ከቀየረች ደግሞ ቅርንጫፍ ቀርበሽ አስመዝግቢ ትባላለች። አሠሪዋ ፓስፖርቷን የያዘባት ልጅ በምን ትቅረብ?

ሌሎች ይህን ጥያቄ እንዴት እንደመለሱት እንይ። ሲንጋፖር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የአንድ ባንክ ወደ 790 የሚጠጉ ደንበኞች በሐሰተኛ የጽሑፍ መልእክት ተታለው 13.7 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር ተዘረፉ። የአገሪቱ የገንዘብ ባለሥልጣን በጥር 2022 ካዘዛቸው ነገሮች አንዱ አዲስ ስልክ ላይ ማረጋገጫ ሲከፈት ቢያንስ 12 ሰዓት እንዲጠበቅ ነው። ሌባ ቢሆን እንኳ ያን ያህል ይቆያል፤ ባለቤቱ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፣ ይደውላል፣ ያስቆማል። በ2024 ደግሞ በመተግበሪያ ማረጋገጫ ለሚጠቀሙ ደንበኞች በጽሑፍ መልእክት የሚላከው የመግቢያ ኮድ ደረጃ በደረጃ እንዲቀር ተወሰነ። ጥበቃው ጠብቋል፣ ደንበኛውም አልተንከራተተም።

እኛ ከዚያ የተሻለ መሣሪያ በእጃችን አለን። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ፋይዳ የተባለውን መታወቂያ አጽንቷል፤ ባንኮች ከደንበኞቻቸው ፋይዳ እንዲጠይቁ ያዘዘውም የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው። አሻራችንንና የዓይናችንን ምስል ሰጥተናል። ይህን ሁሉ የሰጠ ሰው ደሴ ሄዶ ማንነቱን ደግሞ እንዲያስረዳ መጠየቅ የለበትም።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ይህን ነው። ብሔራዊ ባንክ በክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 በተሰጠው ሥልጣን ስለ ስልክ ቅየራ አንድ መመሪያ ያውጣ። አሮጌው ስልክ በእጁ ያለ ደንበኛ ከአሮጌው ላይ ሆኖ አዲሱን ራሱ መፍቀድ ይቻለው፤ የገንዘብ ዝውውሩ ለጥቂት ሰዓት በትንሽ ጣሪያ ይገደብ እንጂ አይዘጋ። አሮጌው የጠፋበት ወይም የሸጠው ፋይዳውን ይዞ በየትኛውም ቅርንጫፍ ይስተናገድ፤ ፒኑንም በራሱ ጣት ይጻፍ፣ ሠራተኛ ፒን መጠየቅ በግልጽ ይከልከል። ደንበኛ ሲመዘገብ በወረቀት የሚያስቀምጠው የመጠባበቂያ ኮድ ይሰጠው። ውጭ አገር ላሉት ደግሞ ከሲም ካርድ ጋር ያልታሰረ የኮድ ማመንጫ ይፈቀድላቸው። ከዚህ ውስጥ አዲስ ፈጠራ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ሌላ ቦታ እየተሠራበት ያለ ነው።

መመሪያው እስኪወጣ እንኳ አንዱን ነገር በደብዳቤ ማዘዝ ይችላሉ፦ ባንኮች ስልክ የቀየረ ደንበኛን ሒሳብ ወደከፈተበት ቅርንጫፍ መላካቸውን ያቁሙ። መልስዎን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የባንክ ደንበኛ፣ ከአዲስ አበባ